ባልዲና አካፋ ይዘን ሐዋሳ

የምንኖረው ጀርመን ነው። ትልቋ ልጄ 5 ዓመቷ ነው ትንሹ 2፣ ዘንድሮ ገናን እናቴ ጋ አዳማ ነው ያሳለፍነው። ልጄ ከመምጣታችን በፊት ጀምራ የምትጠይቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር፣ ኢትዮጵያ ቢች አለ ወይ? እኔም ብዙ ሳላስብ ሐዋሳ ትልቅ ሐይቅ አለ አልኳት፣ እሷ በቃ ባልዲዋንና አካፋዋን ሻንጣ ውስጥ ከተተች። ከገና በኋላ ባለው ቅዳሜና እሁድ እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ እማዬና ታናሽ ወንድሜ ሆነን ሄድን። ከውጪ መጥታችሁ ትንንሽ ልጆች ይዛችሁ ለመሄድ ለምታስቡ ይጠቅማል ብዬ ነው እንዴት እንዳደረግነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ያሰብነው ለታኅሣሥ 19 ሳምንት ነበር፣ ወንድሜ ነው ያስቆመን። "ያን ቀን እኮ የሐዋሳ ገብርኤል ነው፣ ሰው ከየአገሩ ነው የሚጎርፈው፣ አልጋ የት ልታገኙ ነው?" አለን። እውነቱን ነው፣ ለንግሥ ካልሆነ በስተቀር ልጅ ይዞ ያን ሰሞን አይሞከርም።

መኪናው ላይ ትልቅ ትምህርት አግኝቻለሁ። የልጆቹን ካር ሲት ከጀርመን ድረስ ተሸክመን አምጥተን ነበር፣ የተከራየነው መኪና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በር ላይ ሲቆም የኋላው ወንበር ጭራሽ ቀበቶ የለውም፣ ካር ሲቱ በምን ይታሰር? ሹፌሩ "ቀስ ብዬ ነው የምነዳው እህቴ" አለኝ፣ እማዬም እኔ አቅፈዋለሁ አለች፣ እኔ ግን አልሄድም አልኩ። ሌላ መኪና እስኪመጣ ሁለት ሰዓት ጠብቀናል፣ ዛሬም ቢሆን ያንኑ አደርጋለሁ። ስትከራዩ "ቀበቶ አለው?" ብላችሁ ብቻ እንዳትተዉት፣ የኋላ ወንበሩን ፎቶ አንስታችሁ ላኩልኝ በሏቸው።

መንገዱ ከሞጆ እስከ ባቱ የፍጥነት መንገድ ስለሆነ ልጆቹ ተኙልን፣ ከዛ በኋላ ግን ከብቱ፣ ባጃጁ፣ ጉብታው፣ አርሲ ነገሌ ጋ ትንሹ አስታወከ። ቅያሪ ልብስ ከእጃችሁ እንዳይርቅ፣ የኛ ሻንጣው ከታች ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ውሃው። ከመሄዳችን በፊት ሐኪም የሆነች ጓደኛዬን ጠይቄያት ነበር፣ "ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ እግራቸውን እንኳን እንዳትነክሪ" አለችኝ። ምክንያቱ ቢልሃርዚያ ነው። ሐይቁ ዳር ሣርና ደንገል ያለበት ቦታ ላይ ትንንሽ ቀንድ አውጣዎች አሉ፣ ከነሱ የሚወጣው ትል በዓይን አይታይም፣ ውሃ ውስጥ ያለን ሰው ቆዳ በደቂቃዎች ውስጥ በስቶ ይገባል፣ ምልክቱ የሚታየው ከሳምንታት በኋላ ነው፣ ያኔ እናንተ ወደምትኖሩበት አገር ተመልሳችኋል፣ እዛ ያለው የልጆች ሐኪም ደግሞ ቶሎ ላይጠረጥረው ይችላል። ፕራዚኳንቴል የሚባል መድኃኒት ስላለው ይድናል፣ ግን ለምን ብለን? በዛ ላይ ጉማሬም አለ፣ አመሻሹ ላይ ሣር ፍለጋ ወደ ዳር ይወጣል። የአካባቢው ልጆች ሲዋኙ ታያላችሁ፣ እንዳያታልላችሁ።

እኔ ታዲያ ሐይቁ ቢቀር ሆቴሉ ፑል አለው ብዬ ነበር ልቤን የጣልኩት። በስልክ የልጆች ገንዳ አለን ብለውኝ ስንደርስ ለጽዳት ተብሎ ባዶውን ነው፣ ትልቁ ገንዳ ደግሞ ለኔም ጥልቅ ነው። ልጄ ባልዲዋን ይዛ ባዶውን ገንዳ ስታይ ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር እስካሁን አንጀቴን ይበላዋል። በሄዳችሁበት ሳምንት ውሃ መኖሩን እዛው ጠዋት ደውላችሁ አረጋግጡ።

ጉዞውን ያዳነልን አሞራ ገደል ነው፣ ታቦር ተራራ ሥር ያለው የአሳ ገበያ። እሁድ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ደረስን፣ ጀልባዎቹ መረባቸውን ይዘው እየገቡ ነበር። የገበያው ልጆች ቆሮሶ የሚባለውን አሳ ሲገፉት፣ ቅርፊቱ እየተፈናጠረ ክንዳቸው ላይ ሲለጠፍ፣ ሥጋውን በሁለት ቢላ ምት ከአጥንቱ ሲያወጡት ልጄ አፏን ከፍታ ቀረች። ከጎኗ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍ ቆሟል፣ ከሷ ይረዝማል፣ ራሱ መላጣ፣ አንገቱ ላይ የተንጠለጠለው ከረጢት ሮዝ፣ ፍርፋሪ እስኪጣልለት ዝም ብሎ እንደ ሽማግሌ ይጠብቃል። አንዱ ልጅ "ሚጡ፣ ነይ አንቺ ወርውሪለት" ብሎ የአሳ አንጀት በእጇ ሰጣት። ወረወረች፣ አባ ኮዳው አየር ላይ ቀለበው፣ እሷ ጮኸች፣ ከዛ "ደግሜ ደግሜ!" በአማርኛ! ሁለት ሳምንት ሙሉ ከአያቷ ጋር በጀርመንኛ ስታወራ የከረመች ልጅ። እማዬ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ እኔም አልቻልኩም።

እዛ ስትሄዱ ሙዝ በእጃችሁ እንዳትይዙ፣ ጦጣዎቹ ከልጅ እጅ ላይ ነው የሚነጥቁት። ወንድሜ ጥሬ አሳ በዳጣ በላ፣ እሱ የለመደው ነው፣ ለልጆቹ ግን ከፊታችን የተጠበሰውን ነው ያዘዝነው። ቆሮሶ እሾህ አለው። እማዬ ትኩሱን እየፈለቀቀች እያንዳንዱን ቁራሽ በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል እያሸች፣ እሾህ ካለ በጣቷ ታገኘዋለች፣ ከዛ ነው ጉርሻውን የምትሰጣቸው። ትንሹ አሳ አይበላም ስል ነበር፣ ከሷ እጅ ግማሽ አሳ ጨረሰ።

ጀልባ የያዝነውም ወዲያው ነው፣ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ፣ ምክንያቱም ከሰዓት ነፋስ ይነሳና ሐይቁ ይናወጣል። ዋጋውን ቀድማችሁ ተነጋገሩ፣ ግን ከዋጋው በፊት የልጅ ላይፍ ጃኬት ጠይቁ። የመጀመሪያው ባለጀልባ የነበረው የአዋቂ ብቻ ነው፣ ለትንሹ ስናለብሰው በእጁ በኩል ሹልክ ብሎ ወጣ፣ ተውነው። ሁለተኛው የልጅ ነበረው። ባርኔጣ ረስቼ የትንሹ ጆሮ ተቃጥሏል፣ ሐዋሳ ከፍታው 1,700 ሜትር አካባቢ ስለሆነ ነፋሱ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ያቃጥላል። ማታ ደግሞ ትንኝ አለ፣ ወባም አለ፣ አጎበር ያለው ክፍል ጠይቁ፣ እጅጌ ረጅም ልብስ ያዙ።

ባልዲዋ ግን እስከዛ ድረስ ባዶ ነበረች። ጓደኛዬ ልጆቹ የግድ ውሃ መግባት ካለባቸው ላንጋኖ ሐይቅ ከቢልሃርዚያ ነፃ ነው ይባላል ብላኝ ስለነበር ስንመለስ ከሻሸመኔ አልፈን ወደዛ ታጠፍን። ውሃው እንደ ወተት ሻይ ቡናማ ነው፣ ዳሩ አሸዋ። ትልቋ "ቆሻሻ ነው" ብላ ቆመች፣ አባቷ መጀመሪያ ገብቶ እጁን ዘረጋላት። እኛ እስከ ቁርጭምጭሚት፣ እነሱ እስከ ጉልበት፣ እጃቸውን ሳንለቅ ሁለት ሰዓት ቆየን። እማዬ ነጠላዋን አሸዋው ላይ አንጥፋ ተቀመጠችና ከልጄ ጋር ጉድጓድ ቆፈሩ፣ ባልዲውን ሞልተው ሲገለብጡት ቤት ሆኖ ቆመ። "ይሄ የማነው?" አለቻት እማዬ። ልጄ ትንሽ አሰበችና "የአባ ኮዳ" አለች።