ጋራዤን ከቤንዚን ወደ ኤሌክትሪክ ያሻገርኩበት ሁለት ዓመት

ጥር 2016 ነው። ጋራዡ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቷል። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዶ/ር ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን መናገራቸውን ሰማን። ምክንያቱም አብሮ ተነገረ፤ አገሪቱ በዓመት ለነዳጅ ወደ 6 ቢሊዮን ዶላር ታወጣለች፣ ከዚያ ውስጥ ከግማሽ በላይ የሚሆነውን የሚጠጣው ተሽከርካሪ ነው። ከአንድ ቪትዝ ሥር ተኝቶ ካምቢዮ የሚፈታው ልጅ ጭንቅላቱን ብቻ አውጥቶ «እኛስ ታዲያ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

መልሱን ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ሌላ ባለ ጋራዥ ያን ያህል እንዳይፈጅበት ብዬ ነው የምጽፈው።

ጋራዤ አዲስ አበባ፣ ላንቻ አካባቢ ነው። ያኔ ስምንት ነበርን። እንጀራችን ሞተር ማውረድ፣ ቴስታታ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ዘይትና ፊልትሮ ነበር። ከነዚህ አንዱም ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የለም። የዚያን ቀን ማታ የሥራ ደብተሩን ይዤ ቤት ገባሁና ያለፉትን ሦስት ወራት ሥራዎች አንድ በአንድ ምልክት አደረግኩባቸው። ኤሌክትሪክ መኪና ላይ የማይኖረውን በቀይ፣ የሚኖረውን በሰማያዊ። ቀዩ ከግማሽ በላይ ሆነ። እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ግን መጀመሪያ የሆነው እኔ የፈራሁት አልነበረም። ተቃራኒው ሆነ። እገዳው አዲስ ቤንዚን መኪና እንዳይገባ ከለከለ እንጂ መንገድ ላይ ያለውን አላነሳም። አገሪቱ ውስጥ ወደ 1.2 ሚሊዮን ተሽከርካሪ እንዳለ ይነገራል፣ አብዛኛው ደግሞ ቤንዚንና ናፍጣ ነው። ሰው ምትክ የማያገኝለትን መኪና አይጥልም። ድሮ «ልሸጣት ነው፣ እንዲሁ አስነሳልኝ» ይለኝ የነበረ ደንበኛ «ሞተሯን ሙሉ አድስልኝ» እያለ መጣ። እንደ እውነቱ ከሆነ ይህ ከእገዳው በፊትም የጀመረ ነገር ነው። በ2012 የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ መኪና ላይ እስከ 500 በመቶ ጥሎ ነበርና፣ ያኔም ብዙ ሰው አሮጌዋን ኮሮላ ይዞ መቆየትን መረጠ። ስለዚህ ቤንዚን መኪናን ለመቀነስ የወጣው ደንብ የመጀመሪያ ውጤቱ እኔ ጋ የሚያጨሱ መኪኖችን ዕድሜ ማራዘም ሆነ። ሥራ በዛልኝ፣ ደስም አለኝ። ነገሩ ያዘናጋኝ ግን ያኔ ነው። ብዙ ወራት ምንም ሳልማር አለፉ።

ከዚያ ሁሉም ነገር በአንዴ መጣ። ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ፤ በ57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ሱማሌ ተራ መለዋወጫ ዋጋ መጠየቅ ራሱ የሚያስፈራ ሆነ። በ2017 አጋማሽ ደግሞ ቤንዚን በሊትር ከ100 ብር በላይ ገባ። አንድ የራይድ ሹፌር ደንበኛ ነበረኝ፣ በየወሩ ዘይት የሚቀይር። አንድ ጠዋት መጥቶ ኮፈኑ ላይ ወረቀት ዘርግቶ አሰላልኝ። መኪናው በ100 ኪሎ ሜትር 8 ሊትር ትጠጣለች፤ ከ800 ብር በላይ ማለት ነው። ያየው ኤሌክትሪክ መኪና ለዚሁ ርቀት 15 ኪሎዋት ሰዓት አካባቢ ይበቃዋል፤ የመብራቱ ሂሳብ ከቤንዚኑ በጣም ያንሳል። በወሩ መኪናውን ቀየረ። ሊሰናበተኝ መጥቶ «ወንድሜ፣ ከእንግዲህ ለጎማ ካልሆነ አንገናኝም» አለኝ። ከልቡ አዝኖ ነው የተናገረው። እኔም አዘንኩ።

ከእሱ በኋላ ሌሎች ደንበኞችም ተከታተሉ። መንግሥት ወደ አገር የገቡት ኤሌክትሪክ መኪኖች ከ100 ሺህ በላይ ናቸው ይላል። ሰፈራችን ቆሜ ሳይ አላጋነኑም እላለሁ።

የመጀመሪያው ኤሌክትሪክ መኪና እኛ ጋ የመጣው ተጎትቶ ነው። አልነሳ ብሏል። ባለቤቱ አስተማሪ ነው፣ ቁጠባውን ሁሉ አፍስሶ የገዛው። እኛ ደግሞ ስክሪኑ ላይ ያለውን የቻይንኛ ጽሑፍ ማንበብ አንችልም። ሁለት ቀን ዞርነው። በመጨረሻ እኔ ራሴ «ዋናው ባትሪ ሳይሞት አልቀረም» አልኩት። የዋናው ባትሪ ዋጋ የመኪናውን ዋጋ ትልቅ ድርሻ ይይዛል። ሰውየው መቀመጫ ላይ ቁጭ ብሎ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ለካ የሞተችው ትንሿ የ12 ቮልት ባትሪ ነበረች። ኤሌክትሪክ መኪናም እንደ ማንኛውም መኪና እሷ አላት፤ ኮምፒውተሩን የምታስነሳው እሷ ናት፣ እሷ ከሌለች ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆንም መኪናው ድንጋይ ነው። ይህን የነገረን ሌላ ጋራዥ ያለ ልጅ ነው። አስተማሪውን ይቅርታ ጠየቅኩ፣ ምንም አላስከፈልኩትም። አሁንም ደንበኛችን ነው። የማያውቁትን በግምት መናገር ሰው ላይ ምን እንደሚያደርስ ግን የዚያን ሰው ፊት አይቼ ነው የተማርኩት።

በሳምንቱ ሥልጠና መፈለግ ጀመርኩ። ብዙ አልነበረም። ያዋጣኝ ሰው መቅጠር ሆነ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኤሌክትሪክ የተመረቀች፣ መኪና ግን ነክታ የማታውቅ ልጅ ቀጠርኩ። እኛ ጋ ደግሞ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው የሞተር አዋቂ አሉ። 40 ዓመት ሠርተዋል፤ የሞተርን ሕመም በድምፁ ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ መደብኳቸው። መጀመሪያ አልተስማሙም።

ትልቁ ባትሪ ወደ 400 ቮልት ይጠጋል። ስለዚህ የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚያስተላልፈውን ብርቱካናማ ገመድ ከመንካት በፊት ቅደም ተከተል አለው። መኪናው ይጠፋል፣ ቁልፉ ራቅ ተደርጎ ይቀመጣል። የትንሿ ባትሪ ኔጋቲቭ ይነቀላል። ጓንት ለብሶ ሰርቪስ ፕላጉ፣ ማለትም የትልቁን ባትሪ ኃይል የሚቆርጠው መሰኪያ፣ ይነቀላል። ከዚያ 10 ደቂቃ መጠበቅ ነው፣ የባትሪውን ኃይል ለሞተሩ የሚቀይረው ኢንቨርተር ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪወርድ። በመጨረሻ በቴስተር ተለክቶ ዜሮ መሆኑ ይረጋገጣል። ጓንቱም ቢሆን ዝም ብሎ አይለበስም። በአየር ትነፋዋለህ፣ አፉን ጠቅልለህ ጆሮህ አጠገብ ትይዘዋለህ። ፍስስ ካለ ቀዳዳ አለው፣ ይጣላል።

«ጋሼ፣ ይቆዩ፣ ገና ነው» አለቻቸው አንድ ቀን።

«ልጄ፣ እኔ መኪና ስሠራ አንቺ አልተወለድሽም።»

አልተከራከረችም። ጓንቷን አድርጋ ቴስተሩን አስነካችና እንዲያዩት አዞረችላቸው። ቁጥሩ ገና ከፍተኛ ነበር። ቀስ እያለ ይወርዳል። ጋሼ ዝም ብለው አዩት። ከዚያ የጋብቻ ቀለበታቸውን አውልቀው ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰዓት ይዘው 10 ደቂቃውን የሚቆጥሩት እሳቸው ናቸው።

ገንዘቡን በተመለከተ አጭር ላድርገው። መመርመሪያ ኮምፒውተር፣ ጓንት፣ ኢንሱሌትድ (ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ) ቺያቬና ካቻቪቴ መግዛት ነበረብኝ። ባንክ ሄድኩ፣ የቤት ካርታ አምጣ ተባልኩ። ካርታ የለኝም። የሠፈር እቁባችን ላይ ተራዬን ቀድሞ እንዲሰጠኝ ለምኜ በዚያ ገዛሁ። ብዙ ጋራዥ የቆመው እዚህ ጋ ይመስለኛል፤ ሰው እውቀት ጠልቶ አይደለም፣ የመጀመሪያውን መሣሪያ የሚገዛበት አጥቶ ነው።

አሁን ደስ የሚለኝን ልንገራችሁ። ኤሌክትሪክ መኪና ሆዱ ሥር ሙሉ ባትሪ ነው። የኛ ሠፈር መንገድ ደግሞ ኮብልስቶኑ ተነስቷል፣ ቀለም ያልተቀባ ጉብታ አለ፣ ክዳኑ የጠፋ ጉድጓድ አለ። የባትሪ ሽፋኑ የተቦጫጨረ መኪና በየሳምንቱ ይመጣል። አንዱን እንዲያውም ያበላሸነው እኛው ነን፤ ጎሚስታችን ክሪኩን ባልተፈቀደ ቦታ አስገብቶ ሽፋኑን ሰረጎደው፣ ከኪሳችን ከፈልን። ባቲላሜራችን ያንን ሲያስተካክል ቆይቶ «ለዚህ ለምን ጋሻ አንሠራለትም?» አለ። የመጀመሪያውን በወፍራም ብረት ሠራው። ከበደ። ክረምት ሲመጣ ደግሞ ጭቃና ውኃ ቋጠረ፣ ስንፈታው ውስጡ ዝጓል። ሁለተኛውን በአሉሚኒየም ሠራ፣ ውኃ መውረጃ ቀዳዳ በሳለት፣ ባትሪው ላይ ምንም ሳይበሳ በሻንሲው ነባር ብሎኖች ብቻ አሰረው። የራይድ ሹፌሮች ለየጓደኞቻቸው አወሩ። ዛሬ ከዚያ ጋሻ የምናገኘው ድሮ ከዘይት ቅያሪ ከምናገኘው ይበልጣል። ፈጠራ ሲባል የላቦራቶሪ ነገር ይመስለኝ ነበር። እኛ ጋ የመጣው ላሜራ ከሚቀጠቅጥ ሰው ነው።

ሌላውም ሥራ አለ። እነዚህ መኪኖች ከባድ ናቸው፣ ጎማና ኩሽኔታ ይበላሉ። ፍጥነት ሲቀንሱ ሞተሩ ራሱ ስለሚይዛቸው የፍሬን ሸራቸው ረጅም ጊዜ ይቆያል፤ ግን ፍሬኑ ሥራ ሲፈታ ይዝጋል፣ መፍታትና ማጽዳት ይፈልጋል። ሰማያዊ ምልክት ያደረግኩባቸው ሥራዎች አደጉ ማለት ነው።

አንድ የኢኮኖሚክስ መምህር ደንበኛ አለን። ማይክል ፖርተር የሚባል የሀርቫርድ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ1991 የጻፈውን ነገረኝ፤ በደንብ የተነደፈ የአካባቢ ጥበቃ ሕግ ድርጅትን ከማክሰር ይልቅ አዲስ ዘዴ እንዲፈልግ ይገፋዋል የሚል። «አንተ ማስረጃው ነህ» አለኝ። ግማሹን ተቀበልኩት። ያለ እገዳው እኔ ዛሬም ካንዴላ እየቀየርኩ ነበር። ግን «በደንብ የተነደፈ» የምትለዋ ቃል ላይ ቆምኩ።

በ2014 መንግሥት ኤሌክትሪክ መኪናን ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ አደረገ። የጉምሩክ ቀረጡንም ደረጃ አወጣለት፤ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ ለሚመጣ ዜሮ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተገጣጥሞ ለሚገባ 15 በመቶ። ጥሩ ሐሳብ ነው፣ መገጣጠሚያ ፋብሪካ እንዲመጣ ያበረታታል። አስመጪው መሰላል ተሰጠው፣ ገጣጣሚው መሰላል ተሰጠው። መካኒኩ ግን ግድግዳውን ባዶ እጁን እንዲወጣ ነው የተተወው። ከተማ የሚያድገው ደግሞ በሾውሩም ብቻ አይደለም። መኪናው ለ10 ዓመት እዚሁ ይኖራል፣ የሚጠግነው ሰው ከሌለ የጓሮ ቆሻሻ ነው፣ የተከፈለበት ዶላርም አብሮ ይቀራል።

ስለዚህ እኔ ተጨማሪ ደንብ እንዲወጣ ነው የምፈልገው። ብዙ ባለ ጋራዥ ይህን ስል ይቆጣኛል። ግን ዛሬ ጓንት የሌለው ልጅ ብርቱካናማ ገመድ እየፈታ ነው፣ በዓይኔ አይቻለሁ። የብቃት ምዘና ይኑር፣ ያላለፈ ትልቁን ባትሪ አይንካ። ሥልጠናው ደግሞ አብሮ ይምጣ፣ መሣሪያው ላይ ያለው ቀረጥ ይቅለል። ያረጀው ባትሪ የት እንደሚሄድም ከአሁኑ ይወሰን። ሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4፣ 2017 ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት። ኃይሉ የውኃ ነው፣ መኪናው አያጨስም፤ ባትሪው አንድ ቀን ወንዝ ዳር ከተጣለ ግን ምን አተረፍን?

ሁሉም ሰው አልተረፈም፣ ይህን መደበቅ አልፈልግም። ዘይትና ፊልትሮ የሚሸጥልን ጎረቤታችን ሱቁን ግማሹን አከራይቷል። ከኛ መስመር አንድ ጋራዥ ተዘግቷል፤ ሁለቱን ልጆች እኔ ጋ ልወስዳቸው ፈልጌ አንዱን ብቻ ቻልኩ። አሁን አሥር ነን። ግቢያችን ጥግ ያለው የተቃጠለ ዘይት በርሜል ድሮ በሦስት ሳምንት ይሞላ ነበር። ለግንባታ ፎርምወርክ መቀቢያ የሚገዛን ሰውዬ አሁን በሦስት ወር አንዴ ይመጣል፣ ያኔም አንዳንዴ ጎዶሎ ነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ሥራ አንይዝም። ልጅቷና ጋሼ አንድ መኪና ፈትተው ያሳያሉ፣ ከሌላ ጋራዥ የመጣም ቆሞ ያያል፣ ሰርቪስ ፕላግ በእጁ ነቅሎ ይመልሳል። ክፍያ የለም። ላንቻ የምትሠሩ ካላችሁ ብቅ በሉ፣ ቀለበታችሁን ግን ቤት ትታችሁ ኑ።