ከኮሮጆው በፊት መዝገቡ

የምሠራው በባሕር ዳር ከተማ በሚገኝ የምግብ ማምረቻ ፋብሪካ ውስጥ ነው። ሥራው ቀንና ሌሊት በሦስት ፈረቃ ይካሄዳል፤ ከሠራተኛው የሚበዛውም በማሸጊያ ክፍል የሚሠሩ ሴቶች ናቸው። የሠራተኛ ማኅበራችን ሥራ አስፈጻሚ የሥራ ዘመኑን ጨርሶ አዲስ ምርጫ በተጠራ ጊዜ፣ ጠቅላላ ጉባኤው ከየፈረቃው ሰው አውጥቶ አስመራጭ ኮሚቴ ሲያቋቁም እኔን የኮሚቴው ጸሐፊ አድርጎ መረጠኝ። ከኮሚቴው አባላት ማንም በዕጩነት እንዳይቀርብ፣ የዕጩ የቅርብ ዘመድ የሆነም ሰው ካለ በሌላ እንዲተካ በመጀመሪያው ስብሰባችን ተስማምተን በቃለ ጉባኤ ያዝን። የዚያን ምርጫ ነገር ለመጻፍ ያነሣሣኝ፣ ሁሉም ሰው ጠብ ይነሣበታል ብሎ የፈራው የሊቀመንበሩ ምርጫ በሰላም ሲያልፍ፣ ማንም ልብ ያላለው የመራጮች ስም ዝርዝር ግን ምርጫውን ሊያፈርሰው ደርሶ ስለነበረ ነው።

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የማኅበር መሪዎች እንዴት እንደሚመረጡ ዝርዝር ሥርዓት አያወጣም። አሥርና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ባሉበት ድርጅት ማኅበር ማቋቋም እንደሚቻል ይደነግግና፣ የመሪዎቹን መመዘኛ፣ መዋጮውን፣ የስብሰባና የምርጫ ሥነ ሥርዓቱን ማኅበሩ በራሱ መተዳደሪያ ደንብ እንዲወስን ይተወዋል። እንዲህ መሆኑ ተገቢ ነው ብዬ አምናለሁ፤ የዓለም ሥራ ድርጅት በ1940 ዓ.ም. ያወጣው፣ ኢትዮጵያም በ1955 ዓ.ም. ያጸደቀችው ስምምነት ቁጥር 87 ሠራተኞች ደንባቸውን የማውጣትና ወኪሎቻቸውን በሙሉ ነፃነት የመምረጥ መብት እንዳላቸው ያረጋግጣል፤ የመንግሥት አካላትም በዚህ መብት ጣልቃ ከመግባት እንዲቆጠቡ ያዛል። ይሁን እንጂ ደንቡ ያልተናገረውን ማንም መጥቶ አይሞላለትም። የእኛ ደንብ ድምፅ በምስጢር እንዲሰጥና ምልዓተ ጉባኤው ከአባላቱ ከግማሽ በላይ እንዲሆን ይደነግጋል፤ የመራጮችን መዝገብ ማን እንደሚያዘጋጅ፣ በምን ላይ ተመሥርቶ እንደሚዘጋጅና መቼ እንደሚዘጋ ግን አንዲት ቃል አልነበረውም።

ኮሚቴው ሥራ በጀመረ ሰሞን ከሰው ኃይል አስተዳደር ክፍል በፖስታ የታሸገ የስም ዝርዝር መጣልን። መዋጮ ከደመወዛቸው የሚቆረጥላቸው አባላት ናቸው ተብሎ ከፔሮል ላይ የታተመ፣ በፊደል ተራ የተደረደረ፣ ማኅተም ያረፈበት ንጹሕ ወረቀት ነበር። አብዛኞቻችን ሥራ ቀለለልን ብለን ልንቀበለው ነበር። ከዳቦ መጋገሪያ ክፍል የመጡት፣ በማኅበሩ ውስጥ ረጅም ዘመን የቆዩት አንድ አባት ግን ወረቀቱን እንኳ ሳይገልጡ፣ «ይህን ዝርዝር ከእኛ ማን ጠየቀ?» አሉ። መልስ የሚሰጥ ሲጠፋ፣ «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ ነው፤ መራጩን አሠሪው ከቆጠረልን ተመራጩንም እርሱ እንደመረጠልን ቁጠሩት» ብለው ዝርዝሩ ከማኅበሩ የአባልነት ቅጾች ጋር አንድ በአንድ እንዲመሳከር አሳሰቡ።

ጋሼ ያሉት ከግል ጥርጣሬ የመነጨ ብቻ አልነበረም። አዋጁ በአንቀጽ 14 አሠሪ ሠራተኛውን የማኅበር አባል እንዲሆን ወይም እንዳይሆን፣ በምርጫም ላይ ለአንድ ዕጩ ድምፅ እንዲሰጥ ወይም እንዳይሰጥ ማስገደድን ይከለክላል። ስምምነት ቁጥር 98 ደግሞ አሠሪና ሠራተኛ አንዱ በሌላው ማኅበር አሠራር ጣልቃ እንዳይገባ ጥበቃ ሊደረግ እንደሚገባ ይደነግጋል። የሰው ኃይል ክፍሉ ያንን ዝርዝር በክፋት እንዳዘጋጀው የሚያሳይ ማስረጃ አላየሁም፤ ምናልባትም ሊያግዘን አስቦ ይሆናል። ነገር ግን ለደመወዝ የተዘጋጀ ሰነድ ለምርጫ ሲውል የሚያስቀራቸው ሰዎች አሉ፤ የቀሩት እነማን እንደሆኑ ስናይ ነገሩ ቀላል አለመሆኑን ተረዳን።

በመጀመሪያ የጎደሉት ኮንትራት ሠራተኞች ነበሩ። በማሸጊያ ክፍል ለተወሰነ ጊዜ የተቀጠሩ ብዙ ሴቶች የአባልነት ቅጽ ሞልተው፣ መዋጮአቸውንም ለክፍል ተጠሪያቸው በደረሰኝ ይከፍሉ ነበር፤ ክፍያቸው በሌላ ፔሮል ስለሚሠራ ግን ስማቸው ዝርዝሩ ውስጥ አልገባም። አዋጁ የመደራጀትን መብት ለቋሚ ሠራተኛ ብቻ አልሰጠም፤ በሙከራ ጊዜ ላይ ያለ ሠራተኛ እንኳ በሕግ ወይም በሥራ ደንብ በሌላ አኳኋን ካልተወሰነ በቀር ሙከራውን የጨረሰ ሠራተኛ ያለው መብት አለው። ቀጥለው የተገኙት በወሊድ ፈቃድ ላይ የነበሩ እናቶች ናቸው። ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀናት ከሥራ ገበታ የምትርቅ ሴት አባልነቷ አይቋረጥም፤ ምርጫው በዚያ ወቅት ከዋለ ግን የሚያስታውሳት ካልተገኘ ስሟ በቀላሉ ይረሳል። ለእነዚህ እናቶች የክፍል ተጠሪዎቹ በየቤታቸው ሄደው የምርጫውን ቀን እንዲነግሯቸው አደረግን።

በሌላ በኩል ዝርዝሩ ውስጥ መግባት የማይገባቸውም ነበሩ፤ እጅግ ያከራከረንም ይኸኛው ነው። አዋጁ የሥራ መሪዎችን ከተፈጻሚነት ወሰኑ ውጭ ያደርጋል። የሥራ መሪ ማለት የድርጅቱን የአመራር ፖሊሲ የማውጣትና የማስፈጸም ወይም ሠራተኛ የመቅጠር፣ የማዛወር፣ የማገድ፣ የማሰናበት፣ የመመደብ ሥልጣን የተሰጠው ሰው ነው። ከኮሚቴው አንዳንዶቹ «ሱፐርቫይዘር የተባለ ሁሉ ይውጣ» አሉ፤ ሌሎቹ ደግሞ «መዋጮ እስከከፈለ ድረስ ማን ያስወጣዋል?» ሲሉ ተከራከሩ። ሁለቱም አስተያየቶች ከመጠሪያውና ከገንዘቡ ተነሡ እንጂ ሰውየው በእጁ ስላለው ሥልጣን አልጠየቁም። ስለዚህ የእያንዳንዱን የሥራ መዘርዝር በደብዳቤ ጠይቀን አስመጣን። ሰዎችን በፊርማው የሚመድብና የሚያግድ አንድ የክፍል ኃላፊ ከመዝገቡ ወጣ፤ መዋጮውም እንዲመለስለት ለሥራ አስፈጻሚው ተጻፈ። የፈረቃ ተቆጣጣሪዎቹ ግን የቀረና ያረፈደውን መዝግበው ለበላይ ከማቅረብ ያለፈ ሥልጣን እንደሌላቸው ስለተረጋገጠ በአባልነታቸው ጸኑ። ከእነርሱ አንዱ ለጸሐፊነት ዕጩ ስለነበር ውሳኔው ሁሉንም ወገን አላስደሰተም፤ ምክንያቱ ግን ከነማስረጃው በጽሑፍ ተለጥፎ ስለነበር ማንም በይፋ አልተቃወመም።

የተስተካከለው ዝርዝር በዋናው በርና በምግብ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ፣ ስሙ የቀረበትም ሆነ ሌላው የተቃወመው ሁሉ በጽሑፍ እንዲያመለክት የጊዜ ገደብ ተሰጠ። የዕጩዎች ጥቆማ የተጀመረው መዝገቡ ከተዘጋ በኋላ ነው። ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ጥቅም እንዳለው በሙሉ ልብ እናገራለሁ፤ ዕጩዎቹ ከታወቁ በኋላ ስም ማስገባትና ማስወጣት ከተጀመረ እያንዳንዱ ስም የአንዱ ወይም የሌላው ደጋፊ ተደርጎ ይታያልና ኮሚቴው ሕግን ተከትሎ ቢሠራ እንኳ የሚያምነው አያገኝም። ለዕጩነት መቅረብ የፈሩም ነበሩ። ለሠራተኞች ተጠሪነት መወዳደር ወይም ተጠሪ ሆኖ መሥራት የሥራ ውል ለማቋረጥ በቂ ምክንያት ሊሆን እንደማይችል አዋጁ በአንቀጽ 26 መደንገጉን በየክፍሉ እየዞርን አስረዳን።

ቀደም ባሉት ጊዜያት ምርጫው የሚካሄደው በቀኑ ፈረቃ መውጫ ላይ በተጠራ ስብሰባ ነበር። ሌሊቱን በሥራ ያደረ ሰው፣ ቤቱም ዘንዘልማ ከሆነ፣ እንደገና ዓባይን ተሻግሮ ለስብሰባ እንዲመለስ መጠበቅ ያለድምፅ ማስቀረት ነው። በዚህኛው ምርጫ ግን ኮሮጆው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ ማግሥቱ ጠዋት በምግብ አዳራሹ ቆየ። ከመጀመሪያው ድምፅ በፊት ባዶነቱ በታዛቢዎች ፊት ታየ፤ አፉም ታሽጎ የሁሉም ፊርማ በማሸጊያው ላይ አረፈ። በፈረቃዎቹ መካከል ድምፅ በማይሰጥበት ሰዓት ደግሞ ኮሮጆው ሁለት ቁልፍ ባለው ክፍል ይቀመጥና አንዱን ቁልፍ ኮሚቴው፣ ሌላውን የዕጩዎች ታዛቢዎች ይይዙ ነበር። የአስተዳደሩ ሰዎች በአዳራሹ እንዳይገኙ በደብዳቤ ጠየቅን፤ ጥያቄያችንንም አከበሩ።

ችግሩ የተነሣው በማታው ፈረቃ ነው። ከማሸጊያ ክፍል አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት ገብተው ስማቸውን ሲናገሩ፣ ከስማቸው ትይዩ ባለው ሣጥን ውስጥ ሰማያዊ የጣት አሻራ ሰፍሮ ተገኘ። መዝገቡን የያዘው ወጣት ደንግጦ፣ «እትዬ፣ እርስዎ እኮ ፈርመዋል» አላቸው። እርሳቸውም «ኧረ ልጄ፣ እኔ አሁን ከሰርቪስ መውረዴ ነው፤ ጣቴን እየው» ብለው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። በጣቶቻቸው ላይ የቀለም ምልክት አልነበረም። የአንዱ የገንዘብ ያዥ ዕጩ ታዛቢ ግን ቀለም በሳሙና ይለቃል፤ ጠዋት መርጠው በድጋሚ ሊመርጡ ነው ብሎ ድምፅ መስጠቱ እንዲቆም ጠየቀ። የሌላኛው ዕጩ ታዛቢ ደግሞ እናቲቱ ካልመረጡ ምርጫውን አንቀበልም አለ። ከውጭ የተሰለፉት ሴቶች መንጫጫት ጀመሩ።

መዝገቡን ደጋግመን ስናይ ከዚያው ስም በታች ያንኑ ስምና ያንኑ የአባት ስም የያዘ ሌላ መስመር አገኘን፤ ሣጥኑም ባዶ ነበር። በጠዋቱ ፈረቃ የምትሠራ ሌላ ሴት ነበረች። ከፔሮሉ የወረስነው የስም አጻጻፍ የአያት ስምና የመታወቂያ ቁጥር ስላልነበረው፣ ሁለቱ ሴቶች በፊደል ተራው ላይና ታች ሆነው በምንም አይለያዩም። ሆኖም ግምታችን የቱንም ያህል የቀረበ ቢሆን፣ የጠዋቷ ሠራተኛ በሌለችበት አሻራው የእርሷ ነው ብሎ መወሰን ለእናቲቱ ማድላት ሊመስል ይችላል። ስለዚህ በታዛቢዎች ስምምነት እናቲቱ በመጋረጃው ውስጥ ድምፃቸውን ሰጥተው፣ ወረቀቱን ምንም ባልተጻፈበት ፖስታ፣ ፖስታውንም ስማቸው በተጻፈበት ሌላ ፖስታ አሽገን ሁሉም ፈረሙበት፤ በሁለት ቁልፍ ባለው ክፍል እስከ ጠዋት እንዲቆይም አደረግን።

ማግሥቱን በ12 ሰዓት የጠዋቷ ሠራተኛ ስትመጣ ማንም አስቀድሞ ነገሩን ሳይነግራት የፈረመችበትን እንድታሳይ ተጠየቀች። ያለማመንታት አሻራውን ጠቆመች፤ አጠገቧ ተሰልፈው ከነበሩት ሁለቱም መፈረሟን ማየታቸውን መሰከሩ። የሁለቱ መታወቂያ ቁጥሮች በየመስመራቸው ተጻፉ፤ እርማቱም በኅዳጉ ላይ በኮሚቴውና በታዛቢዎች ፊርማ ጸና። የውጭው ፖስታ ተከፍቶ የውስጡ ተለየ፤ ከእርሱም ወረቀቱ እንደታጠፈ ወጥቶ ማንም ሳያነበው ኮሮጆው ውስጥ ገባ። ቆጠራው የተጀመረው ከዚህ በኋላ ሲሆን፣ በመዝገቡ የሰፈረው ፊርማና አሻራ ከወጣው ወረቀት ጋር እኩል ሆኖ ተገኘ። የገንዘብ ያዥነቱ ምርጫ በጠባብ ልዩነት የተወሰነ ስለነበር፣ ያቺ አንዲት ወረቀት ያለ ስምምነት ገብታ ወይም ቀርታ ቢሆን ኖሮ ክርክሩ በዚያ አዳራሽ የሚያበቃ አይመስለኝም። የተሸነፈው ዕጩ ቃለ ጉባኤውን አንብቦ ፈረመ።

የአዲሶቹ መሪዎች ስም፣ አድራሻና ፊርማ ከቃለ ጉባኤው ጋር ማኅበሩን ለመዘገበው መሥሪያ ቤት ገቢ ተደረገ። አዲሱ ሥራ አስፈጻሚ ለመጀመሪያው ጠቅላላ ጉባኤ ያቀረበው የደንብ ማሻሻያ፣ የመራጮች መዝገብ በአስመራጭ ኮሚቴ ከአባልነት ቅጽ እንዲዘጋጅ፣ የአያት ስም፣ የመታወቂያ ቁጥርና የሥራ ክፍል እንዲይዝ፣ ጥቆማ ከመጀመሩም በፊት ተለጥፎ እንዲዘጋ የሚያዝ ነው። አከራካሪ ድምፅ በሁለት ፖስታ የሚያዝበት አሠራርም ተጨመረበት። ኮንትራታቸው ከምርጫው ጥቂት ቀደም ብሎ የተቋረጠና ለመታደስ የሚጠባበቁ ሠራተኞች ጉዳይ ግን ጉባኤውን ለሁለት ስለከፈለው፣ ከነሙሉ ክርክሩ በቃለ ጉባኤ ተይዞ ለቀጣዩ ስብሰባ ተላልፏል።