የሌሊቱን ፌስቡክ እንዴት ቆረጥኩት

ደብረ ብርሃን ላይ ብርዱ ሰውን በጊዜ ጋቢ ውስጥ ያስገባል፤ ስልኩም አብሮ ይገባል። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ነውና እንቅልፉ ወደ እኩለ ሌሊት ይገፋል። እኔም ቀኑን ትቼ የተነሳሁት በሌሊቱ ላይ ነው።

አንድሮይድ ስልኬ ላይ ሴቲንግ ገብቼ ዲጂታል ዌልቢይንግ የሚለውን ከፈትኩ። የትኛው አፕ ስንት ሰዓት እንደበላ እዚያው ያሳያል። ለፌስቡክና ለቲክቶክ በቀን 10፣ 10 ደቂቃ ገደብ ሰጠኋቸው። ልኩን የወሰድኩት እንደ ፈረንጆቹ በ2018 ከወጣው የፔንስልቬንያ ዩኒቨርሲቲ ጥናት ነው። በጥናቱ ከተሳተፉት 143 ተማሪዎች መካከል ፌስቡክን፣ ኢንስታግራምንና ስናፕቻትን ለ3 ሳምንት በቀን 10፣ 10 ደቂቃ ብቻ የተጠቀሙት ብቸኝነታቸውም ድብርታቸውም ቀንሶ ተገኝቷል።

ይህ ገደብ ግን ትልቅ ቀዳዳ አለው፦ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ሲሆን እንደ አዲስ ይጀምራል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ ለሚጠብቅ ሰው ሌላ 10 ደቂቃ መረቀለት ማለት ነው። መፍትሔው ዳታውን አጥፍቶ፣ ስልኩን ሌላ ክፍል ቻርጅ ላይ ሰክቶ መተኛት ነው። እዚህ ላይ ብርዱ ራሱ ያግዛል፤ በኅዳር ውርጭ ለቲክቶክ ብሎ ከብርድ ልብስ የሚወጣ የለም። የጥሪውን ድምፅ ግን ከፍ አድርጉት፤ ከገጠር በሌሊት የሚደወል ስልክ ለጨዋታ አይደለም። ለማንቂያ የጠረጴዛ ሰዓት ይበቃል። አፑ ሲዘጋ በክሮም መግባትም አለ፤ እዚያ ሎግ አውት አድርጉ።

የቴሌግራም ቻናሎችን መጀመሪያ ሚውት አድርጌ ድምፃቸውን ዘጋሁ፣ ከዚያ አርካይቭ አድርጌ ከዋናው ዝርዝር አነሳኋቸው። ሚውት ያልተደረገ ቻናል አዲስ ነገር በተለጠፈ ቁጥር ከአርካይቭ ወጥቶ ከላይ ይቀመጣል። የቤተሰቡን ግሩፕ አልነካሁም፤ ሰውን የሚያከስመው የሌላውን ሠርግና መኪና ዝም ብሎ ሲያዩ ማምሸት እንጂ ከእህት ጋር መጻጻፍ አይደለም።

ጨርሶ መዝጋትን አልመክርም። አሜሪካ ውስጥ በዚያው በ2018 በተደረገ ሌላ ጥናት ፌስቡካቸውን ለ4 ሳምንት የዘጉ ሰዎች ደስታቸው በመጠኑ ጨምሯል፤ የዜና እውቀታቸው ግን ቀንሷል። በእኛ አገር ዜና ማለት መንገዱ ክፍት ነው ወይ ማለትም ነው። ወደ መሐል ሜዳ ወይም ሸዋ ሮቢት የሚሄድ ሰው ይህን ከፌስቡክ ከሚለቅም ማልዶ መናኸሪያ ሄዶ ከዚያ የመጣ ሾፌር ቢጠይቅ ይሻለዋል።