ሲግናሉ ሙሉ ነው፤ ፎቶው ግን አይሄድም

ከሁሉም የሚቆጨኝ የስልኩ ነገር ነው። ልጅቷ ደህና የሚሠራ ስልኳን አስቀምጣ አዲስ ገዛች። ግዢ ያላት ደግሞ አንቴናውን የተከለው ባለሙያ ነው።

ቦታው ቡራዩ ነው፤ ከገፈርሳ ወዲህ። የጋሼ ቤት አስፋልቱ ዳር ስለሆነ የኢንተርኔት መስመር ገብቶላቸዋል። ልጃቸው የምትኖረው ቁልቁል ወረድ ብሎ፣ 400 ሜትር ያህል ርቆ ነው። የሐበሻ ልብስ ትሰፋለች። ደንበኞቿን የምታገኘው በቴሌግራም ነው፤ የጥለት ፎቶ ትልካለች፣ የተሰፋውን ቀሚስ በቪዲዮ ታሳያለች። የሞባይል ዳታ ወጪ ሲከብዳት አባትዬው ዋይፋያቸውን ሊያካፍሏት አሰቡ። ጥሩ ሐሳብ ነው። መንገዱ ክፍት ከሆነ 400 ሜትር ጉልበቱን ወደ አንድ አቅጣጫ ለሚያነጣጥር አንቴና ምንም አይደለም።

እኔ ላስተካክል ስደርስ የጋሼ ጣሪያ ላይ ረዘም ያለ ያጊ አንቴና ወደ ልጅቷ ቤት ዞሮ ተተክሏል። 14 ዲቢ የሚባለው ነው፤ ዲቢ ሲግናል ምን ያህል እንደጎለበተ ወይም እንደደከመ የሚለካበት ነው። ከአንቴናው ቀጭን ጥቁር ኬብል በቆርቆሮው ላይ ተጎትቶ፣ በመስኮት ገብቶ፣ ሳሎን ካለው ራውተር ላይ ተሰክቷል። 15 ሜትር አያጣም። ራውተሩ አጠገብ ደግሞ የሲግናል ማጉያ ተቀጥሏል።

ሥራውን የምታውቁ ነገሩ ገብቷችኋል። ያ ቀጭን ኬብል፣ አርጂ 58፣ የጋሼ ዋይፋይ በሚሠራበት በ2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ በየሜትሩ ወደ 1 ዲቢ ይበላል። በየ3 ዲቢው ጉልበቱ ግማሽ ይሆናል። 15 ዲቢ ሲጠፋ የሚተርፈው ከ30 አንድ እጅ ገደማ ነው። አንቴናው የሰጠውን ኬብሉ ወሰደው ማለት ነው። ኬብሉን ማሳጠር ሲገባ ማጉያ ተጨመረ።

ወደ ልጅቷ ቤት ወረድኩ። ስልኳን አሳየችኝ፤ እውነትም ሲግናሉ ሙሉ ነው። ፎቶ ስትልክ ግን ይዞራል፣ ይዞራል፣ በመጨረሻ ይቀራል።

«ለባለሙያው አልነገርሽውም?»

«ደውዬ ነገርኩት። ሲግናሉ ስንት ያሳያል አለኝ። ሙሉ ነው አልኩት። እንግዲያው ችግሩ ስልክሽ ነው፣ ቀይሪው አለኝ።»

«ከዚያስ?»

«ቀየርኩታ።»

«እዚህ ወርዶ አላየውም?»

«ኧረ እሱ እዚህ መጥቶ አያውቅም። አባባ ቤት ተክሎ ከዚያው ነው የሄደው።»

ደሜ ፈላ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው አንድ ነገር አጥብቆ ይነግረኝ ነበር፤ የሌላ ባለሙያ ሥራ ደንበኛ ፊት አታጣጥል ይላል። እስከዚያን ቀን ድረስ ይህን አክብሬ ኖሬያለሁ። ገብቼ አስተካክላለሁ፣ ስለ ቀደመኝ ሰው ምንም አልተነፍስም። ያን ቀን ግን ዝም ብል ልጅቷ ጥፋቱ የስልኳ እንደሆነ አምና ልትቀር ነው። በልብስ ስፌት ያጠራቀመችው ብር ነው የወጣው።

«አሮጌውን ስልክ አምጪው» አልኳት። ከመሳቢያ አወጣችው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው። ሁለቱም ሙሉ ያሳያሉ። ሁለቱም ፎቶ አይልኩም።

«አየሽ? ስልክሽ ድሮም ደህና ነበር» አልኳት። «ከላይ የሚመጣውን ስልክሽ በደንብ ይሰማል። ስልክሽ የሚመልሰውን ግን ላይኛው ቤት በደንብ አይሰማም። ሁለት ሰው ሸለቆ ወዲያና ወዲህ ቆሞ፣ አንዱ በድምፅ ማጉያ ሌላው በባዶ አፉ እንደሚነጋገር ማለት ነው።»

ይህ ግምት አይደለም። ስልኳ የላይኛውን ቤት የሚሰማው በማይነስ 65 ነበር። የራውተሩን ገጽ ከፍቼ ሳይ ደግሞ ራውተሩ እሷን የሚሰማት በማይነስ 85 ነው፤ ከማይነስ በኋላ ያለው ቁጥር በጨመረ መጠን ሲግናሉ ይደክማል። ያ ማጉያ የሚያጎላው የሚላከውን ብቻ ነው። የሞባይል ዋይፋይ ጉልበት አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዋት አንድ አሥረኛ እንኳ አይሞላም፤ በዚያ ላይ ሲመለስ ያ ኬብል ይጠብቀዋል። ስልኩ ላይ ያሉት መስመሮች የሚነግሩን ስልኩ ላይኛውን ቤት ምን ያህል እንደሚሰማ ነው። ላይኛው ቤት ስልኩን ምን ያህል እንደሚሰማ አይነግሩንም። ይህን የማያውቅ ሰው አንቴና ተክሎ ብር ሲቀበል ያናድደኛል።

ጋሼ ሲሰሙ «ታዲያ የባሰ ጉልበት ያለው ማጉያ ብንገዛስ?» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የላይኛው ጩኸት ነው የሚጨምረው። የእሷ ድምፅ ያው ነው።»

ሁሉንም አወረድኩት። በምትኩ ሬዲዮው እዚያው አንቴናው ውስጥ ያለ የውጭ መሣሪያ በሁለቱም ቤት ላይ አንድ አንድ ተከልኩ፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠራ። ወደ ቤት የሚወርደው የኔትወርክ ኬብል ብቻ ነው፤ መብራቱም በዚያው ይወጣል። እስከ 100 ሜትር ቢዘረጋ የሬዲዮውን ጉልበት አይነካም። እሷ ቤት ውስጥ ደግሞ ትንሽ ራውተር አስቀመጥኩ። ከእንግዲህ ስልኳ የሚያወራው እዚያው ክፍሏ ካለው ራውተር ጋር ነው። ሸለቆውን የሚሻገሩት ሁለቱ አንቴናዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ እኩል ይናገራሉ፣ እኩል ይሰማሉ።

የተከራከርነው በምሰሶው ቦታ ላይ ነው። መሐል ላይ የጎረቤት ባሕር ዛፍ አለ፤ ከምኒልክ ዘመን ጀምሮ የአዲስ አበባን ዙሪያ የሞላው ባሕር ዛፍ። ጋሼ ከድሮው ምሰሶ ሥር ቆመው «ቤቷ ወለል ብሎ እየታየኝ ምን ምሰሶ ያዛውራል?» አሉ። እውነት ነው፣ በቅጠሎቹ ጫፍ ላይ ለጥቂት ይታያል። ግን ማየት ብቻውን አይበቃም። ሞገዱ እንደ ክር ቀጥ ብሎ ብቻ አይሄድም፣ መሐል ላይ ይሰፋል። በ400 ሜትርና በ5 ጊጋኸርዝ ከመስመሩ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች ከ2 ሜትር በላይ ይሰፋል። ከዚያ ውስጥ አብዛኛው ክፍት መሆን አለበት። በበጋ የሠራ መስመር፣ ሐምሌ ላይ ቅጠሉ ውሃ ሲጠጣ ይሞታል። ያኔ ደግሞ ልጅቷ ሦስተኛ ስልክ ልትገዛ ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ የብረት ቧንቧ መግዣውን አወጡ። ምሰሶውን የውሃ ታንከሩ ወዳለበት ጥግ ወስደን ከፍ አደረግነው፤ ለመብረቅ ብዬ ሽቦ ከምሰሶው ወደ መሬት አወረድኩ።

ከዚያ እንደገና ቁልቁል ወረድኩ። «በአሮጌው ስልክ ላኪ» አልኳት። የጥለቱ ቪዲዮ ሄደ። በአዲሱም ላከች፣ ሄደ። ሳልጠይቃት ተቀምጣ የተጠራቀመባትን ትእዛዝ መመለስ ጀመረች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጋሼ ሌላ ነገር ላሳይህ ብለው ጠርተውኝ ቤታቸው ቁጭ ብለን ሳለ ያ ባለሙያ ደወለ። ድምፁን ለቀቁት። ማጉያውን ፈልጎ ነው፤ ገና አልተከፈለበትም ነበር። ሌላ ሰው ቤት ሊተክለው ነው።

«እኔ ስተክለው ሲግናሉ ሙሉ ነበር እኮ፣ ጋሼ» አለ።

«የልጄን ስልክስ ምን ልታደርገው ነው?»

«እኔ ይሆናል ነው ያልኩት፣ ግዢ አላልኳትም።»

ጋሼ ወደ እኔ አዩ፤ ከዚያ ወደ ስልኩ ጠጋ ብለው «ማጉያህ ያለው ልጄ ቤት ነው» አሉት። «ቁልቁል ውረድና ከራሷ ተቀበል። በእግረ መንገድህ ቤቱንም ታየዋለህ።»

ማጉያው እስካሁን እሷ ቤት ነው።