ሰውነታቸው ውስጥ ፍንጣሪ ያለባቸውን አባቴን ኤምአርአይ እንዴት እንዳስነሳኋቸው

አባቴን ወገባቸውን ካመማቸው ቆይቷል። ሕመሙ ወደ ቀኝ እግራቸው መውረድ ሲጀምርና ጣቶቻቸው ሲደነዝዙ፣ ሐኪማቸው የወገብ ኤምአርአይ፣ ማለትም የሰውነትን ውስጥ በማግኔት የሚያነሳ ምርመራ፣ አዘዙላቸው። አባቴ የቀድሞ ጦር ሠራዊት አባል ናቸው። በደርግ ዘመን ሰሜን ግንባር ላይ ቆስለው፣ ጭናቸውና ትከሻቸው ውስጥ ፍንጣሪ እንደቀረ ነው። በየሰፈሩ እንደሳቸው ያሉ አባቶች ሞልተዋል። የነሱ ልጆች ይጠቅማቸው ይሆናል ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

ከሁሉ በፊት፣ ገና ሳንከፍልና ቀጠሮ ሳንይዝ፣ ስለ ፍንጣሪው ተናገርን። ሐኪሙ የትዕዛዝ ወረቀቱ ላይ እንዲጽፉት ለመንኳቸው። አባቴ አልወደዱትም። «ይሄ እኮ ድሮ የዳነ ቁስል ነው፤ አሁን ምን አስነሳው?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው፣ ቁስሉ ድኗል። ብረቱ ግን እዚያው ነው። ኤምአርአይ ደግሞ ትልቅ ማግኔት ነው።

ምን ያህል ትልቅ? ሆስፒታል ውስጥ የምናገኛቸው አብዛኞቹ ማሽኖች 1.5 ወይም 3 ቴስላ (የማግኔት ጉልበት መለኪያ ነው) ጉልበት አላቸው። 1.5 ቴስላ ማለት ኮምፓስ ከሚያዞረው የመሬት ማግኔት 30,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር ደግሞ፣ ማግኔቱ ሰው ባይኖርም፣ ምርመራ ባይካሄድም አይጠፋም። ውስጡ ያለው ሽቦ በፈሳሽ ሂሊየም ከዜሮ በታች 269 ዲግሪ ድረስ ቀዝቅዞ ስለሚቀመጥ፣ ኤሌክትሪኩ ሳይቆም ይዞርበታል። ስለዚህ በሩ ላይ «ብረት ይዞ መግባት ክልክል ነው» የሚለው ማስጠንቀቂያ ሌሊትም ቀንም ይሠራል። በ2001 እ.ኤ.አ. ኒው ዮርክ ግዛት ውስጥ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ማሽኑ ውስጥ ተኝቶ ሳለ፣ ወደ ክፍሉ የገባ የኦክስጅን ሲሊንደር በማግኔቱ ተስቦ መትቶት ሕይወቱ አልፏል። ይህን ለአባቴ ነገርኳቸው። ከዚያ በኋላ «ምን አስነሳው» አላሉም።

ምርመራው ቦታ ስንደርስ ረጅም መጠይቅ ሰጡን። የልብ ምት ማስተካከያ አለ? ጭንቅላት ውስጥ የደም ሥር መቆንጠጫ አለ? ቀዶ ጥገና ተደርጎ ያውቃል? ብየዳ ወይም ብረት መቁረጥ ሠርተዋል? የመጨረሻው ጥያቄ ለብዙ ሰው ግራ ነው። ምክንያቱ ዓይን ነው። ብረት ሲቆረጥ የምትፈናጠር ቅንጣት ሳትታወቅ ዓይን ውስጥ ልትቀር ትችላለች፤ ማግኔቱ ካንቀሳቀሳት ዓይን ታጠፋለች። መጠይቁን አባቴን እየጠየቅኩ፣ ሳልቸኩል፣ አንድ በአንድ ሞላሁት። ታማሚ አጠገብ ተቀምጦ ሁሉንም «የለም፣ የለም» እያሉ ማለፍ በጣም አደገኛ ነው። ወንድም እህቶቼንም ለምኜአለሁ፣ እናንተንም እለምናለሁ።

ከዚያ ራጅ ተነሱ። የራዲዮሎጂ ሐኪሙ ፍንጣሪዎቹ የት እንዳሉ ተመለከቱ። ሰው ሥጋ ውስጥ ለብዙ ዓመት የቆየ ፍንጣሪ ዙሪያውን ጠባሳ ይዞት ስለሚቀመጥ አብዛኛውን ጊዜ አይንቀሳቀስም። የሚያስፈራው ዓይን፣ አንጎል፣ ሕብለ ሰረሰር ወይም ትልቅ የደም ሥር አጠገብ ያለው ነው። የአባቴ ከነዚህ ሁሉ የራቀ በመሆኑ መነሳት ይችላሉ ተባለ። ይህን ግን የሚወስነው ፊልሙን ያየው ሐኪም ብቻ ነው። የእኔ አባት ተነሱ ማለት የእናንተም ይነሳሉ ማለት አይደለም።

ማተባቸው ላይ ትንሽ ተነጋገርን። ክሩ ላይ የብር መስቀል አለ። ብር በማግኔት አይሳብም፤ ግን ጌጥ ሲሠራ ሌላ ብረት ሊቀላቀልበት ይችላል፣ ሊሞቅም ይችላል። አባቴ ማተብ አላወልቅም አሉ። ባለሙያዋ ጨዋ ነበረች። «አባባ፣ ክሩ ይቆይ፤ መስቀሉን ብቻ ልጅዎ ይያዝልዎት» አለቻቸው። ወዲያው ተስማሙ።

አሁን ከሁሉ በላይ ወደለፋሁበት ነገር ልምጣ፤ ድምፁ። ማሽኑ ውስጥ ያሉት ጥቅል ሽቦዎች ኤሌክትሪክ በፍጥነት ሲበራና ሲጠፋባቸው በማግኔቱ ኃይል ይንቀጠቀጣሉ። ድምፁ የሚመጣው ከዚያ ነው። ታ-ታ-ታ-ታ እያለ ይደበድባል፤ ይቆማል፤ እንደገና በሌላ ዜማ ይነሳል። ለጦር ሜዳ ሰው ይህ መትረየስ ነው። አባቴ ርችት ሲተኮስ እንኳ ፊታቸው ይለዋወጣል። ጠባብ ቱቦ ውስጥ በጀርባቸው ተኝተው በድንገት ቢሰሙት ምን ሊሆኑ እንደሚችሉ ሳስብ እንቅልፍ አጣሁ።

ስለዚህ ከቀጠሮው ቀናት በፊት የኤምአርአይ ድምፅ ከዩቲዩብ አውርጄ በስልኬ አሰማኋቸው። መጀመሪያ በዝግታ፣ ቡና እየጠጣን። ቀጥሎ ድምፁን ከፍ አድርጌ፣ አልጋቸው ላይ በጀርባቸው ተኝተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው። ድምፁ ከየት እንደሚመጣ አስረዳኋቸው። ሰውነታችን አብዛኛው ውኃ ነው፤ ውኃው ውስጥ ያለው ሃይድሮጅን በማግኔቱ ይሰለፋል፤ የሬዲዮ ሞገድ ሲነካው መልሶ ምልክት ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ከዚያ ምስል ይሠራል። የራጅ ዓይነት ጨረር የለበትም። የመገናኛ ሬዲዮ ስለሚያውቁ ይቺን ወዲያው ያዟት። «ታዲያ እኔ ዝም ብዬ ተኝቼ ሰውነቴ መልእክት ይልካል ማለት ነው» አሉ። ፍርሃቱን ያቀለለው ድምፁን መልመዳቸው ብቻ አይመስለኝም፤ ምን እየተሠራ እንደሆነ ማወቃቸውም ጭምር ነው።

ለባለሙያዋም የጦር ሜዳ ታሪካቸውን ነገርኳት። የጆሮ መድፈኛና ማዳመጫ አደረገችላቸው፤ ከጉልበታቸው በታች ትራስ አስገባች፤ የሚጨበጥ የጎማ ኳስ ሰጠቻቸው። ሙቀት ወይም መሳብ ከተሰማቸው እንዲጨምቁት አስረዳቻቸው። እያንዳንዱ ዙር ከመጀመሩ በፊት ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ በማይክሮፎን ትነግራቸው ነበር። ይህን ከመጀመሪያው ጠይቁ፤ አረጋዊ ሰው ማሳል ሲፈልግ በዙሮቹ መካከል እንዲሆን ይረዳዋል። በዙሩ መሐል ከተንቀሳቀሰ ምስሉ ይደበዝዛል፣ ይደገማልም። ጀርባ ያመመው ሰው በጀርባው መተኛት ስለሚከብደው፣ ማስታገሻውን መቼ ይውሰድ የሚለውንም አስቀድመን ሐኪሙን ጠይቀን ነበር።

አባቴ ኳሱን አልጨመቁም። ሲወጡ ያሉት «ከስልክህ ይሻላል» ብቻ ነው።

ሪፖርቱ ሲመጣ ቤቱ ሁሉ ደነገጠ። ከአንድ በላይ ዲስክ፣ ማለትም በአከርካሪ አጥንቶች መካከል ያለው ትራስ መሳይ ነገር፣ ወጣ ብሏል ይላል። እናቴ አለቀሱ። ሐኪሙ ግን ወረቀቱን ትተው እግራቸውን መረመሩ፣ ጣታቸውን ነካኩ፣ አስነስተው አስኬዷቸው። ከዚያ ከሕመማቸው ጋር የሚገጥመው አንዱ ዲስክ ብቻ እንደሆነ አሳዩን። በኋላ ሳነብ፣ በ1994 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ጀርባቸውን የማያማቸውን 98 ሰዎች ኤምአርአይ አንስቶ፣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት፣ ማለትም በ52 በመቶው ላይ፣ ቢያንስ አንድ ወጣ ያለ ዲስክ አግኝቷል። ስለዚህ ሪፖርት አንብቦ ዘመድ አዝማድ ከመጥራት በፊት ያዘዘውን ሐኪም መጠበቅ ይሻላል። አባቴ ቀዶ ጥገና አላስፈለጋቸውም፤ ፊዚዮቴራፒ ጀምረዋል፣ መደንዘዙም እየቀነሰ ነው።

ከመውጣታችን በፊት ሁለት ነገር ጠየቅን። አንደኛው ሙሉው ምስል በሲዲ እንዲሰጠን ነው፤ ፊልሙ ላይ የሚታተመው የተመረጠው ብቻ ነው፣ ሌላ ጊዜ ለማወዳደር ግን ሁሉም ያስፈልጋል። ሁለተኛው ፍንጣሪዎቹ የት የት እንዳሉ የሚገልጽ፣ ሐኪሙ የፈረሙበት ደብዳቤ ነው። ኮፒውን አባቴ ከመታወቂያቸው ጋር ኪሳቸው ይይዙታል። ድንገት ራሳቸውን ስተው ሌላ ሆስፒታል ቢገቡ፣ መጠይቁን የሚመልስላቸው እሱ ነው።