ላጲስ፣ አቧራና ሁለት እሽግ ወረቀት

ጥር 14

በጋው ሲጠና ከፒያሳ እስከ ሜክሲኮ የመንገዱ አቧራ በየጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤቱ በር ይገባል። የኮምፒዩተሩን ሳጥን በሙሉ «ሲፒዩ» ብለን ለምደናል፤ እውነተኛው ሲፒዩ ግን፣ ማለትም ሥራውን የሚያሰላው አካል፣ ከክብሪት ሣጥን የማይሰፋ ስስ ቁራጭ ነው። በላዩ የብረት ማቀዝቀዣና ፋን ተጭነውበታል። አቧራው በማቀዝቀዣው ክንፎች መሃል እንደ ባዘቶ ይጠቀጠቃል። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ አየሯ በባሕር ዳርቻ ካለው አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ፣ ያው ፋን በዚያው ፍጥነት ዞሮ የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ሲፒዩው ሲግል ራሱን ለማዳን ይንቀራፈፋል፣ ሲብስበት ድርግም ይላል። ይሄኔ «ቫይረስ ገብቶበታል» ይባልና ፎርማት ይደረጋል፤ የሰው ፋይል በከንቱ ይጠፋል። በጣም ያሳዝነኛል።

በበጋ በየሦስት ወሩ ቢጸዳ እመርጣለሁ። በአየር መንፊያ (ብሎወር) ሲነፋ የፋኑን ክንፍ በጣት መያዝ ያስፈልጋል፤ በነፋሱ ከልክ በላይ ከዞረ ኩሽኔታው ይጎዳል።

ስክሪኑ ጨለማ ሆኖ ሳጥኑ ጢጥ ጢጥ ካለ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ራሙ፣ ማለትም የኮምፒዩተሩ ጊዜያዊ ማስታወሻ ቁራጭ፣ ነው። ሶኬቱን ነቅሎ ማብሪያውን 10 ሰከንድ ተጭኖ መቆየት፣ የሳጥኑን ብረት መንካት፣ ከዚያ ራሙን አውጥቶ ወርቃማ ጥርሶቹን በነጭ ላጲስ ቀስ አድርጎ ማሸት፣ ፍርፋሪውን አራግፎ መያዣዎቹ ቀጭ እስኪሉ መልሶ መጫን። ብዙ ጊዜ ይነሣል። ሰዓቱና ቀኑ በየማለዳው ወደ ኋላ የሚመለስ ከሆነ ደግሞ የማዘርቦርዱ (የዋናው ሰሌዳ) ክብ ባትሪ፣ ባለ 3 ቮልቱ ሲአር 2032፣ አልቋል። ቀኑ ሲዛባ ድረ ገጾች የደኅንነት ማስጠንቀቂያ እያመጡ እምቢ ይላሉ፤ ጥፋቱ ግን የኢንተርኔቱ አይደለም።

መብራት ሲሄድ ሶኬቱን መንቀል፣ ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ መታገሥ። ምጣዱም ፍሪጁም እኩል ሲነሡ ቮልቴጁ ይዋዥቃል። ሌዘር ፕሪንተር ዩፒኤስ (መብራት ሲሄድ ለጊዜው ኃይል የሚሰጥ ባትሪ) ላይ አይሰካ፤ ቀለሙን የሚያቀልጠው ማሞቂያ በአንድ ጊዜ ብዙ ኃይል ስለሚስብ ዩፒኤሱን ይጥለዋል።

ከማሽኑ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ከፊቱ ቀኑን ሙሉ የምትቀመጠው ልጅ ናት። ጠረጴዛው አብዛኛውን ጊዜ 75 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ተራው ወንበር 45። የተቀመጠ ሰው ክርን ከመቀመጫው ከ20 እስከ 25 ሴንቲ ሜትር ያህል ቢርቅ ነው፤ ስለዚህ ክርኗ ከጠረጴዛው በታች ይውላል፣ ትከሻዋም ወደ ጆሮዋ ይሰቀላል። የአማርኛ ጽሑፍ ደግሞ ጣት ያበዛል፦ ድምፁን በላቲን ፊደል ቁልፎች በሚመቱበት የድምፅ ስልት «ሰላም» ሦስት ፊደል ሆኖ አምስት ቁልፍ ያስመታል።

ማስተካከሉ ከክርን ይጀመራል። ክርኗ ከኪቦርዱ እኩል እስኪሆን ወንበሩ በደልዳላ ትራስ ከፍ ይበል። ያኔ እግሯ ይንጠለጠላል፣ የወንበሩ ጠርዝም ጭኗን ከሥር እየተጫነ ያደነዝዘዋል። መፍትሔው እዚያው ቤት አለ፦ ባለ 500 ሉክ እሽግ ወረቀት 5 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወፍራል፤ ሁለቱን ደራርቦ ከእግር ሥር ማድረግ ነው። ስክሪኑ መጨረሻ ይምጣ፦ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ የላይኛው ጠርዙ ከዓይን ሳያልፍ። ሳጥኑን አጋድሞ ስክሪኑን እላዩ መስቀል አንገትን ወደ ኋላ ያጥፋል፤ ዓይንም አለልክ ይከፈትና ይደርቃል፣ ስክሪን ላይ ያፈጠጠ ሰው ዓይኑን የሚያርገበግበው ከወትሮው ባነሰ ነውና። በየ20 ደቂቃው 20 ሰከንድ ያህል ከ6 ሜትር ወዲያ ማየት ያሳርፋል። መስኮቱ ከጎን ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል።

ከሁሉ የሚረሳው የሚገለበጠው የእጅ ጽሑፍ ነው። ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ አንገት በየመስመሩ ወደ ግራ ይጠመዘዛል። ካርቶን አጥፎ እንደ ድንኳን አቁሞ፣ ወረቀቱን በልብስ መቆንጠጫ ይዞ ከስክሪኑ ጥግ ማስጠጋት ይቻላል። ካርቶኑ ከተንሸራተተ ከሥሩ ጨርቅ ይነጠፍለት።