በረዶ ከወረደ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት

«ዛሬ ሱሉልታ በረዶ ዘነበ» ሲባል ውጭ አገር ላለ ዘመድ የሚታየው ጥጥ የመሰለው፣ ቀስ እያለ የሚወርደው በረዶ ነው። እሱ በአገራችን አልፎ አልፎ የሚታየው እንደ ራስ ዳሸን ባሉ በጣም ከፍተኛ ተራሮች ጫፍ ላይ ነው። አዲስ አበባ ዙሪያ የሚወርደው ሽምብራ፣ ሲብስም ባቄላ የሚያህል ጠጣር በረዶ ነው። ከነጎድጓድና ከዝናብ ጋር ተቀላቅሎ፣ ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ፣ ለአሥር ወይም ለሃያ ደቂቃ ይወርድና ያባራል። ሜዳውን ግን ነጭ አድርጎት ይሄዳል።

ምክንያቱ ከፍታችን ነው። በእኛ ሰማይ አየሩ ዜሮ ዲግሪ የሚደርሰው ከባሕር ወለል 5000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። የሱሉልታ ሜዳ ወደ 2600 ሜትር ይጠጋል፣ እንጦጦ ደግሞ ከ3000 ይበልጣል። ስለዚህ በረዶው መሬት እስኪነካ በሞቀ አየር ውስጥ የሚጓዘው ሁለት ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ቀልጦ ለመጨረስ ጊዜ አያገኝም። ቆላ ቢሆን ኖሮ ብዙው መንገድ ላይ ውሃ ሆኖ ይቀር ነበር።

ሰው ሁሉ የሚፈራው ድምፁን ነው። ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሰዎች እንኳ አይደማመጡም። ቤትን የሚጎዳው ግን በአብዛኛው ድብደባው ሳይሆን ከወረደ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ነው። በረዶው የውሃ መሄጃ ላይ ይቀመጣል፣ ዝናቡ ደግሞ ከላይ መውረዱን ይቀጥላል፣ ውሃው መውጫ ያጣል። ጣሪያም ሆነ ዲች (የመንገድ ዳር የውሃ ቦይ) ወይም የእርሻ ፈሰስ ላይ የሚሆነው ይኸው ነው።

ከጣሪያው ልጀምር። አዲስ የወረደ የበረዶ ክምር አንድ ሜትር ኩብ ሲሆን 550 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለት ጣሪያ በሚገናኝበት መሃል ላይ ያለ አሸንዳ 30 ሴንቲ ሜትር ስፋት፣ 20 ጥልቀትና 6 ሜትር ርዝመት ካለው፣ በበረዶ ሲሞላ ሁለት ኩንታል ያህል ይሸከማል። ከጎን ወደ ጎን የተዘረጋው ሞራሌ (የጣሪያ እንጨት) ለዚህ ታስቦ ካልተመታ ይጎብጣል፤ አሸንዳው መሃሉ ላይ ሆድ ያወጣል፣ ከዚያ በኋላ በተራ ዝናብም ውሃ ይቋጥራል። ስለዚህ ከመሃል አሸንዳ ሥር ድጋፉ በየ60 ሴንቲ ሜትሩ ቢሆን ይሻላል፣ ተዳፋቱም ለአንድ ሜትር ቢያንስ አንድ ሴንቲ ሜትር ይውረድ።

የዳር አሸንዳ ላይ የሚሠራው ትልቁ ስህተት የውጭ ከንፈሩን ከውስጡ እኩል ወይም ከፍ አድርጎ መግጠም ነው። በረዶ መውረጃ ቱቦውን ሲደፍነው ውሃው ወደ ዝቅተኛው ጎን ይፈሳል። ዝቅተኛው ጎን የውስጡ ከሆነ ኮርኒሱ ላይ ይወርዳል፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዞ እስከ ሶኬት ይደርሳል። የውጭ ከንፈሩ ከውስጡ በ2 ወይም በ3 ሴንቲ ሜትር ይነስ፤ ውሃው ከገነፈለ ግቢው ላይ ይገንፍል። መውረጃ ቱቦው 110 ሚሊ ሜትር ቢሆን ጥሩ ነው። ቅጠል እንዳይገባ ተብሎ አፉ ላይ የሚወጠር ጠባብ ወንፊት በበረዶ ቀን ቡሽ ይሆናል፤ ከክረምት በፊት አንስቶ የባሕር ዛፍ ቅጠሉን በእጅ መጥረግ ይበልጣል።

ቆርቆሮ ስትገዙ የጌጁ (የውፍረት መለኪያው) ቁጥር ባነሰ መጠን ቆርቆሮው እንደሚወፍር አትርሱ። ሚስማሩ ባለ ጎማ ይሁን፣ የሚመታውም በሞገዱ ጉብታ ላይ እንጂ ውሃ በሚሄድበት ጎድጓዳ ላይ አይደለም። ብርሃን እንዲያስገባ የሚገባው የፕላስቲክ ቆርቆሮ ፀሐይ ለዓመታት ካደረቀው በኋላ በበረዶ እንደ ብስኩት ይሰበራል፤ ጣት ሲጫነው የሚንጣጣ ከሆነ ቀድሞ መቀየር ነው።

ነጎድጓዱ ሳያበቃ ማንም ጣሪያ ላይ አይውጣ። ካበቃም በኋላ ቆርቆሮው ያንሸራትታል፤ መሰላል ላይ ሆኖ በረጅም እንጨት ወይም በመጥረጊያ መግፋት ይበቃል። የብረት አካፋ ቆርቆሮ ይበሳል። ጨው መበተን ከውጭ አገር ቪዲዮ የተቀዳ ልማድ ነው፤ እዚህ ቆርቆሮ ያዝጋል፣ የጓሮ አፈርም ያበላሻል። የእኛ በረዶ ብዙውን ጊዜ እስከ ማግስቱ ረፋድ በራሱ ይቀልጣልና ማቅለጥ አያስፈልግም። የሚያስፈልገው ከውሃው መንገድ ላይ ማንሳት ብቻ ነው።

የት እንደሚከመር ግን መታሰብ አለበት። ከግቢ ተጠርጎ ዲች ውስጥ የሚጣል በረዶ ዲቹን ይደፍናል፣ ውሃውም ከታች ላለው ጎረቤት ይደርሳል። በከተማው ዳር ይህ ነገር ይከፋል፤ ለገጣፎ፣ ቡራዩ፣ ሰበታ፣ ሰንዳፋ ላይ ከአጥሩ ቀጥሎ የገበሬ ማሳ አለ። 60 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 5 ሴንቲ ሜትር በረዶ ቢቀመጥ 16 ኩንታል ገደማ ነው፤ ሲቀልጥ 1600 ሊትር ውሃ ይሆናል። ግቢው በሲሚንቶ ወይም በኮብልስቶን ከተሸፈነ የሚሰርግበት ቦታ የለም፣ ከመቶ ግቢ የወጣው ተደምሮ አንድ ሰው ስንዴ ላይ ይተኛል። በረዶውን ግቢው ውስጥ ባዶ አፈር ላይ፣ ከግድግዳው ሁለት ሜትር ራቅ አድርጎ መከመር ለሁሉም ይበጃል። ይህን የሰፈሩ እድር በአንድ ስብሰባ ሊስማማበት የሚችል ጉዳይ ነው። እድር አካፋ አለው፣ ሸራ አለው፣ ሰው የሚጠራበት መንገድም አለው፤ የትኛውን ዲች የትኛው ረድፍ ቤት እንደሚከፍት መደልደል ብቻ ነው የሚቀረው።

መንገድ ላይ በረዶ እንደ ተበተነ ብይ ነው። ከእንጦጦ ወደ ሱሉልታም ሆነ ወደ ከተማ የሚወርድ መኪና ቁልቁለቱን ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ዝቅ ያድርግ፤ ፍሬን ድንገት ከተያዘ ጎማው ተቆልፎ ይንሸራተታል። ከፊት ያለው መኪና ጋር የሚኖረው ርቀት በደረቅ መንገድ ከሚኖረው ሦስት እጥፍ ይሁን። ባጃጅ ቀላል ነው፣ ጎማውም ቀጭን ስለሆነ ዳር ይዞ ማሳለፍ ይሻለዋል። መስታወት ለማዳን ብሎ ድልድይ ሥር መቆም መንገድ ይዘጋል፤ ውሃው የሚጠራቀመውም እዚያው ነው። እግረኛ ነጩን ምንጣፍ አይመነው፣ ክዳን የሌለው ማንሆል ከሥሩ ሊኖር ይችላል። በዱላ እየነኩ መሄድ፣ የተከፈተ ጉድጓድ ያየም ቅርንጫፍ ሰክቶበት ማለፍ ነው። ውሃ ቤት ገብቶ ሶኬት ከተጠጋ ደረቅ ቦታ ቆሞ ብሬከሩን ማጥፋት፣ ብሬከሩ ጋ ለመድረስ ውሃ መርገጥ ግድ ከሆነ ግን አለመንካት። አዲስ አበባ ውስጥ የእሳትና የአደጋ ጥሪ 939 ነው፤ ለወደቀ የመብራት ሽቦ 905 ይደወላል።

ማሳ ላይ የሚደርሰው ጉዳት የሚወሰነው ሰብሉ በየትኛው ዕድሜ ላይ እንዳለ ነው። ብዙ ገበሬ የሚጎዳው ቸኩሎ በመገልበጥ ነው። ስንዴና ገብስ አገዳ ከማውጣታቸው በፊት የሚያድገው ጫፋቸው ከአፈር በታች ነው። ቅጠሉ ተሰነጣጥቆ መሬት ቢመስል እንኳ ሥሩ ደህና ከሆነ ይመለሳል፤ ከ7 እስከ 10 ቀን ጠብቆ አዲስ አረንጓዴ ቅጠል መውጣቱን ማየት ያስፈልጋል። ካሸተ በኋላ አገዳው የተሰበረ ግን አይነሳም። ጊዜ ሳይሰጡ አጭዶ ለከብት መኖ ማድረግ ከብስባሽ ያድነዋል። የደረሰ ጤፍ ከተኛና ፍሬው ከረገፈ የቀረውን ለማትረፍ ደቦ በማግስቱ ነው መጠራት ያለበት።

ባቄላና ድንች ላይ የሚፈራው ቁስሉ ነው። በረዶ የቀደደው ቅጠል ለበሽታ የተከፈተ በር ነው፤ ባቄላ ላይ ቸኮሌት ስፖት የሚባለው የቅጠል ቡናማ ነጠብጣብ፣ ድንች ላይ የድንች ዋግ ከዚያ በኋላ ሊበረቱ ይችላሉ። እንደ ማንኮዜብ ያለ ተከላካይ መድኃኒት የሚረጨው ቅጠሉ እንደደረቀ፣ በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ፣ መለያው ላይ በተጻፈው መጠን ነው። ሳምንት ከቆየ በሽታው ገብቷልና ገንዘቡ ይባክናል። ድንቹ አበባ ላይ እያለ ቅጠሉን ካጣ ምርቱ በጣም ይቀንሳል፤ ሊደርስ የተቃረበ ከሆነ ግን ኮረቱን በአፈር ደህና አድርጎ ማልበስና ልጡ እስኪጠነክር መጠበቅ ይቻላል። ቆስጣ የተቀደደ ቅጠሉ ሲቆረጥ መልሶ ይወጣል። የጠቀለለ ጥቅል ጎመን አይጠገንም፣ ሳይበሰብስ ገበያ ይውጣ።

ዩሪያ ለመጨመር መቸኮልም ስህተት ነው። ውሃ የተኛበት መረሬ አፈር ላይ የተበተነ ዩሪያ ሰብሉን አይደርሰውም። መጀመሪያ ፈሰሱን መክፈት፣ አዲስ ቅጠል ሲታይ ነው ማዳበሪያው። ፈሰሱ ውስጥ የተከመረውን በረዶ በዚያው ምሽት በአካፋ መስበር አለበት፤ ካልተሰበረ ውሃው ሌሊቱን ሙሉ ከላይ ተቋጥሮ ያድራል።

ከብት በግ ከዛፍ ሥር እንዳይጠለል እረኛ ይወቅ፤ ከበረዶው ጋር መብረቅ አለ። የረጠበ ግልገልና ጥጃ በጆንያ ወይም በገለባ እስኪደርቅ ይታሽ። ዶሮዎች በቆርቆሮው ድምፅ ደንግጠው አንድ ጥግ ላይ ተደራርበው ይታፈናሉ፤ ጥጎቹን በገለባ ወይም በካርቶን ክብ ማድረግ ብዙ ነፍስ ያተርፋል።

ውርጭ ሌላ ነው። ድምፅ የለውም፣ የሚመጣውም ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው፤ «ለጥቅምት አንድ አጥንት» የተባለበት ወቅት። ሰማዩ ጥርት ሲል፣ ንፋስ ጸጥ ሲል፣ ቀዝቃዛው አየር እንደ ውሃ ወደ ረባዳው ይፈሳል። ለዚህ ነው ተረተሩ ላይ ያለው ባቄላ ድኖ ሜዳው ላይ ያለው የሚጠቁረው። የሚከፋው ሰዓት ከሌሊቱ 10 እስከ ንጋቱ 12 ነው። ቀን ላይ ማሳውን ማጠጣት ይረዳል፣ እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራልና። የችግኝ መደብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ በገለባ ወይም በሸራ ይሸፈን። ሸራው ቅጠሉን እንዳይነካ በእንጨት ከፍ ይበል፣ የነካው ቅጠል ይቃጠላልና። ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ ፀሐይ ካሞቀ በኋላ ይገለጥ። ጭስ ብቻውን ብዙ አይከላከልም፤ ሙቀት የሚሰጠው እሳቱ እንጂ ጭሱ አይደለም። የተመታ ድንች ቅጠሉ ቢጠቁርም ወዲያው አይታጨድ፣ ከሥር የሚወጣውን ለማየት ጥቂት ቀን ይሰጠው። ሰማዩ ጥርት እንዳለ ከቀጠለ ውርጩ በማግስቱም ሌሊት ሊመለስ ይችላልና፣ ገለባው ከማሳው ዳር አይነሳ።